ቀኑ ማለቁን ለገላችን ማን ይንገረው?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡና አስቀርባችሁ አንብቡት። ስለ እግር ማጠብ ነው። አዎ፣ ስለ እግር ማጠብ። አትሳቁ።

ነገሩ የተነሳው እንዲህ ነው። ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬን ሚዛን ገበያ ላይ አገኘኋት። ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት። በለቀማው ወራት ቡና ትለቅማለች፤ ለቀማ ሲያልቅ ጉልት ላይ ዝንጅብልና ሙዝ ትቸረችራለች። ፊቷ ገርጥቷል። "ምነው ልጄ?" አልኳት።

"ቲቸር፣ እንቅልፍ ከዳኝ። ጋደም ስል ልቤ ድው ድው ይላል። ትከሻዬ ድንጋይ ሆኗል። ቀን የለቀምኩትን ሌሊትም ስለቅም አድራለሁ።"

ሐኪም ዘንድ ሄዳ ተመርምራለች። ልቧም፣ ደሟም ደህና ነው ተብላለች። "ጭንቀትና ድካም ነው፤ ዕረፍት አድርጊ" ብለው መልሰዋታል። ይህን ስትነግረኝ ራሷ ሳቀች። "ዕረፍት በየትኛው ሱቅ ነው የሚሸጠው ቲቸር?"

መልስ አልነበረኝም። አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ አክሱም ሳወራ አፌ የማይደናቀፍ ሰውዬ፣ እሷ ፊት ዝም አልኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ።

እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ በመምህርነት ተመድቤ። ከጅማ በቦንጋ በኩል በጭነት መኪና። ጭቃው ሲይዘን እየወረድን እየገፋን ነው የመጣነው። ሚዛን ስደርስ እግሬ አብጦ ጫማዬ አልወልቅ ብሎ ነበር። አንድ የአገሩ ሽማግሌና ባለቤታቸው ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። የመጀመሪያው ምሽት ትንሹ ልጃቸው ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዞ መጣና ፊቴ ተንበረከከ። እኔ የተማርኩ ነኝ ባይ እግሬን ሰበሰብኩ። አፈርኩ።

ሽማግሌው "አስተማሪ፣ እግርህን ስጥ። መንገድህ አልቋል" አሉኝ።

ልጁ አጠበኝ። ውስጥ እግሬን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው፤ ባቴን ቀስ እያለ አሸው፤ በመጨረሻ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቅቤ ቀባኝ። ከዚያ እራት በላሁ። ስንት ሰዓት እንደተኛሁ አላስታውስም። በዚያ ግቢ ሁለት ዓመት ስኖር የሽማግሌው እግር ሳይታጠብ የመሸበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አንድ ነገር ግን ያኔ አላየሁትም ነበር፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እግር ማጠብ በእኛ አገር የንጽሕና ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሰው በእግሩ በሚሄድበት ዘመን እንግዳ ሲመጣ በቅድሚያ የሚቀርብለት ለእግሩ ውሃ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ላይ አብርሃም ከድንኳኑ ደጃፍ ሦስት እንግዶች ባየ ጊዜ፣ ከእንጀራው በፊት ያነሳው የእግር ውሃ ነው። የጸሎተ ሐሙስ ዕለት በቤተ ክርስቲያናችን አባቶች ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ሙስሊም ወገኖቻችን ውዱእ ሲያደርጉ እግራቸውን ይታጠባሉ፤ በቀን ከአምስቱ ሶላት ጋር የተያያዘ ነው። ሁሉም ጋ ሐሳቡ አንድ ነው፦ ከዚህ በፊት የነበረው መንገድ አለቀ፤ አሁን ሌላ ነገር ይጀመራል።

ለእኛ ለደቡብ ምዕራቦቹ ደግሞ መንገዱ ቀላል አልነበረም። መኪና ከመግባቱ በፊት ቡናው፣ ማሩ፣ ኮረሪማው፣ ዝባዱ በቅፍለት ነበር የሚወጣው፤ በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ። ኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖች ሚዛንና ቴፒ ማረፍ ሲጀምሩ እንኳን፣ ቡናው ከጫካ እስከ ማረፊያው የሚደርሰው በእግር ነው። እና የዚያ ሁሉ መንገድ መድረሻ ሳፋ ውሃ ነበር።

ይህ የተራው ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዋና ከተማችን ራሷ የተቆረቆረችው በሙቅ ውሃ ዙሪያ አይደለም እንዴ? እንጦጦ ብርድ ነው፤ ተራራ ነው። እቴጌ ጣይቱ ታች ፍል ውሃው ጋ እየወረዱ መታጠብ ወደዱ፤ በ1879 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ቤት ተሠራ፤ መኳንንቱ ተከተሉ፤ አዲስ አበባ ተወለደች። አገር የሚያስተዳድር ሰው ገላውን የሚያሳርፍበት ቦታ ሲፈልግ ነው ከተማው የተገኘው። ዕረፍት የሰነፍ ነገር ነው የምትሉ ይህን አስቡት።

አሁን የታሪክ መምህርነቴ ሳያስጨርሰኝ አንድ ጥያቄ ያነሳል። እግሩ የታጠበው ማን እንደሆነ አወራን። ያጠበውስ እጅ የማን ነበር?

በየጌታው ቤት እግር የሚያጥቡት አሽከሮችና ባሪያዎች ነበሩ። ይህን ሳንናገር ባህላችንን ብናሞግስ ውሸት ይሆናል። የእኛ አካባቢ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1890 ዓ.ም. የካፋ መንግሥት ወድቆ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ከተያዙ በኋላ፣ ከካፋ እስከ ማጂ ያለው ሕዝብ ገባር ሆነ፤ በባሪያ ፍንገላ ብዙ መንደር ባዶ ቀረ። በ1916 ዓ.ም. ባርነትን ለማስቀረት አዋጅ ወጣ፤ ፈጽሞ የከለከለው አዋጅ የመጣው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት መሐል ስንት የቤንች፣ የካፋ፣ የሸካ ልጅ ተንበርክኮ የማያውቀውን ሰው እግር እንዳጠበ ማን ቆጠረው? የታጠበው ሰው ቀኑ አለቀለት፤ ያጣቢው ግን አላለቀለትም።

አሁን ወደዚያ ወደ ሽማግሌው ግቢ ልመለስ። ያላየሁት ነገር ይህ ነበር፦ በሁለት ዓመት ውስጥ የባለቤታቸው እግር ሲታጠብ አንድ ቀን አላየሁም። ውሃውን ያሞቁት እሳቸው ናቸው። እራቱን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሁላችንም ከተኛን በኋላ ምድጃው ዳር የሚቀሩት እሳቸው ናቸው። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሴት ልጅ ገላዋ በተራው የሚታሽበት አንድ ጊዜ ነበር፤ አራስ ስትሆን። ያኔ ገንፎ ይቀርብላታል፤ ወገቧ ይታሻል፤ አናቷ ላይ ቅቤ ይደረጋል፤ ሥራ አትነኪም ትባላለች። ሕፃኑም በቅቤ ይታሻል። ከዚያ የአራስነቷ ጊዜ ያልቃል፤ እሷም ወደ ምድጃዋ ትመለሳለች።

"እሺ ቲቸር፣ ታሪኩስ ገባን፤ ግን መታሸት እውነት የሚያደርገው ነገር አለ ወይስ ልማድ ነው?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ደግ ጥያቄ ነው። የባዮሎጂ መምህራን ጓደኞቼ እንዳስረዱኝና አንብቤም እንደተረዳሁት ላስቀምጠው።

ሳናዝዘው የሚሠራ የነርቭ ሥርዓት አለን። ልብ የሚያስመታው፣ ምግብ የሚያስፈጨው፣ የሚያስልበው እሱ ነው። ላንግሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1898 "ራስ ገዝ" ብሎ ስም አወጣለት። ሁለት ክንድ አለው። አንዱ ሲምፓቴቲክ ይባላል፤ ነብር ስናይ የሚነሳው ነው፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ሁለተኛው ፓራሲምፓቴቲክ ይባላል፤ ነብሩ ከሄደ በኋላ "በቃ፣ ተረጋጋ" የሚለው ነው። የዚህ የሁለተኛው ትልቁ መስመር ከአንጎል ተነስቶ እስከ ልብና እስከ አንጀት የሚወርደው ቬገስ የተባለ ነርቭ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1921 ኦቶ ሎዊ የተባለ ሰው በሁለት የእንቁራሪት ልቦች አንድ ሙከራ ሠራ። የአንዱን ልብ ቬገስ ነርቭ ሲነካካው ልቡ ዝግ አለ። ያ ልብ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ ሌላኛው ልብ ላይ ሲያደርገው፣ ማንም ያልነካው ሁለተኛው ልብም ዝግ አለ! ነርቭ ልብን የሚያረጋጋው በኬሚካል መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ ሎዊም እ.ኤ.አ. በ1936 ኖቤል ተሸለመበት። መረጋጋት ማለት ዝም ብሎ "የሐሳብ ነገር" አይደለም፤ በደምና በሥጋ ውስጥ የሚፈስ ነገር አለው ማለት ነው።

ችግሩ ይህ ነው፦ ያ የመጀመሪያው ክንድ ነብርንና ዕዳን አይለይም። የቤት ኪራይ ሲያሳስበን፣ የልጅ ዩኒፎርም ሲያሳስበን፣ ኪሎው አልሞላ ሲለን፣ ነብር እንዳየ ሆኖ ይነሳል። ነብር ደግሞ ይሄዳል፤ የኪራይ ነገር አይሄድም። ስለዚህ ለገላ "አሁን በቃ" የሚለው ምልክት ያስፈልገዋል። ቃል አይሰማም እኮ፤ "ተረጋጋ" ብትሉት አይረጋጋም። ገላ የሚሰማው በገላ ቋንቋ ነው።

የገላ ቋንቋ ምንድነው? አንዱ ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች፣ እግሩ የሞቀ ሰው ቶሎ እንቅልፍ እንደሚወስደው ጽፈዋል። እግር ሲሞቅ የደም ሥሮች ይከፈታሉ፤ የውስጡ ሙቀት በዚያ በኩል ይወጣል፤ ገላም የመኝታ ሰዓት ደረሰ ይላል። ሁለተኛው ንክኪ ነው። ፀጉር ባለበት ቆዳችን ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚዳስስ እጅ ብቻ ደህና አድርገው መልስ የሚሰጡ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት እነዚህ ነርቮች ፈጣን እጅም አይወዱም፤ በጣም የዘገየ እጅም አይወዱም፤ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሄደውን ነው የሚወዱት። እናት ልጇን የምትዳብስበት ፍጥነት ማለት ነው። ያ ትንሽ ልጅ ባቴን ያሸበት ፍጥነት።

ከሕፃናቱም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በቀን ሦስት ጊዜ ቀስ ተደርገው ሲታሹ፣ ካልታሹት በ47 በመቶ የበለጠ ክብደት ጨመሩ። እኛም አገር ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናትን ከእናት ደረት ጋር ገላ ለገላ አያይዘው መያዝን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል፤ በዚያ መንገድ የተያዙት ከሌሎቹ የተሻለ ተርፈዋል። እጅና ገላ ነገር አለው ወዳጆቼ።

ታዲያ ይህ ልማድ የት ገባ?

እንደኔ እንደኔ ሦስት ነገር ነው የበተነው። የመጀመሪያው የሥራው ዓይነት ነው። በደርግ ጊዜ በበቃና ቴፒ ትልልቅ የመንግሥት የቡና እርሻዎች ሆኑ። ለለቀማ ሰው ከሩቅ አገር እየመጣ በካምፕ ያድራል። በ1977 ዓ.ም. ከድርቁ በኋላም ብዙ ቤተሰብ ከሰሜን እየተነሳ በሠፈራ ወደ ደቡብ ምዕራብ መጣ። ዘመድ የሌለው ሰው እግሩን ማን ያጥብለታል? ወዛደሩ በየአልጋው ከነጭቃው ይወድቃል። ሁለተኛው ሒሳቡ ነው። ለቃሚ የሚከፈለው በኪሎ ነው። በኪሎ የሚከፈለው ሰው ቀኑ የሚያልቀው ፀሐይ ስትጠልቅ ሳይሆን ጉልበቱ ሲያልቅ ነው። ሦስተኛው መብራቱና ስልኩ ነው። ባጃጅ ነጂው እስከ አራት ሰዓት ይሮጣል፤ ቤቱ ገብቶ ደግሞ እስከ ስድስት ሰዓት ስልክ ላይ ነው። እኔም ይኸው ይህን የምጽፍላችሁ በሌሊት ነው፤ ራሴን አላወጣም።

አንድ የተረፈን ነገር አለ፤ ቡናችን። መቼስ ይህ የሚያስቅ ነገር ነው። ዓለምን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ተክል የበቀለው እኛ ጫካ ውስጥ ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን፣ አንጎል ውስጥ "ደክሞሃል" እያለ የሚናገረውን አዴኖሲን የተባለ ነገር አፉን ይይዘዋል። ድካሙ አልጠፋም፤ ዝም ተባለ እንጂ። ታዲያ አያቶቻችን ቡናን የዕረፍት ሥርዓት እንዴት አደረጉት? ያሳረፋቸው ካፌይኑ አይመስለኝም፤ መቀመጡ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል አንድ ሰዓት ቁጭ ማለት፣ ጭሱ፣ ጎረቤቱ፣ ወሬው። የቤንችና የሸኮ እናቶች ከቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር አፍልተው የሚያቀርቡት ጨሞም ያው ነው፤ ሰው ሰብስቦ ያስቀምጣል። ዛሬ ቡናውን ቆመን በላስቲክ ኩባያ እየጠጣን፣ መቀመጡን ትተን ካፌይኑን ብቻ ወሰድን።

ከመጨረሴ በፊት ኃላፊነት የተሞላበት ነገር ልናገር፤ ነገ "ቲቸር ብሎ ነው" እንዳትሉኝ።

መታሸት ያሳርፋል እንጂ የደም ግፊት ወይም የስኳር ኪኒን አይተካም። ወጌሻዎቻችን በእጃቸው ጥበብ ስንቱን ያሳረፉ ሰዎች ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን አጥንት ሲሰበር በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ደም መዞር አቁሞ እጁን ወይም እግሩን የተቆረጠ ልጅ ስንት አለ! ስብራት ሲሆን ሆስፒታል ነው። የነፍሰ ጡር ሆድ አይታሽ። አንድ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ካመመ አትሹት፤ ሐኪም ይየው። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሙቀት ላይሰማው ስለሚችል ውሃውን ሌላ ሰው በክርኑ ይለካለት። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከቆየ፣ ወይም ሰውየው ሕይወት አስጠላኝ ማለት ከጀመረ፣ በሳፋ ውሃ አትመልሱት፤ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ወደ ተማሪዬ ልመለስና ልጨርስ። ከጥቂት ቀን በኋላ ቤቷ ሄድኩ። ይህን ሁሉ ሳይንስ አልነገርኳትም። ባለቤቷና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ባሉበት የሽማግሌውን ግቢ ታሪክ አወራሁ፤ ውሃውን ያሞቁ የነበሩት እናት እግር አንድ ቀን ሳይታጠብ ሁለት ዓመት እንዳለፈም ተናገርኩ። ባለቤቷ አቀርቅሮ ሰማኝ። ምንም አላለም። እኔም ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ደወለችልኝ። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝም ያኔ ነው።

"ቲቸር፣ እንቅልፌ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን አይመጣም። ኪራዩም ያው ነው፤ ኪሎውም ያው ነው።"

"እሺ?"

"ማታ ማታ ግን ልጄ ውሃ ያቀርባል። አባቱ ደግሞ ትከሻዬን ይይዝልኛል፤ መጀመሪያ አፍሮ በሩን ዘግቶ ነበር።" ሳቀች። "ውሃው ሲመጣ፣ የዛሬው አልቋል እላለሁ። የነገውን ነገ።"

እኔም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለባለቤቴ ውሃ አሞቅኩ። ስንት ዓመት አብረን ኖረን የመጀመሪያዬ ነው። "ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?" አለችኝ። እግሯን ሰበሰበች፤ ልክ እኔ በ1976 እንዳደረግኩት።

"ስጪኝ" አልኳት። "የዛሬው መንገድሽ አልቋል።"

እስኪ እናንተም ጻፉልኝ። በእናንተ ቤት እግር ይታጠብ ነበር? ማን ለማን ያጥብ ነበር? በቤንችኛ፣ በሸኪ ኖኖ፣ በካፊ ኖኖ፣ በሸክኛ፣ በመኢንትኛ ይህ ነገር ምን ይባላል? ለማወቅ እፈልጋለሁ። ግን አሁን ሌሊት ከሆነ መልሱን ነገ ጻፉት፤ ስልኩን አስቀምጡና ውሃ አሙቁ።

ደህና እደሩ።